ከሰበታ አየር ጤና ስንት አልበም ነው?

ከሰበታ አየር ጤና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው የመንገዱ እንግዳ ነው። ነባሩ ተሳፋሪ የሚጠይቀው «ዓለም ገና ተዘጋግቷል እንዴ?» ብሎ ነው። መንገዱ ከለቀቀ አንድ የሸክላ አልበም ሁለቱም ገጹ ሳያልቅ አየር ጤና ይደረሳል። ካልለቀቀ ደግሞ የ60 ደቂቃ ካሴት አልቆ፣ ተገልብጦ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ዘፈን ይጀምራል። ቡራዩ ኬላ ላይ የሚሰለፈውም፣ ከሱሉልታ ተነስቶ እንጦጦን ዞሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውም የየራሱ ስሌት አለው።

የሙዚቃ ሊቃውንት አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በተቀመጠለት ቅደም ተከተል ይደመጥ ይላሉ። ምክሩን ለመፈጸም ሥራውን ትቶ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ለአርባ ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው በብዛት የሚገኘው ሚኒባስ ውስጥ ነው። መውረድ አይችል፣ መዝለል አይችል፤ ቅደም ተከተሉንም የሚያስከብረው ሾፌሩ ነው።

የዚህ ወግ ሰው ከእነዚህ አንዱ ነው። ሰበታ ይኖራል፤ መርካቶ ብትን ጨርቅ ይሸጣል። ስለ ሙዚቃ ሲጠየቅ «ደስ ካለኝ ደስ ይለኛል» ይላል እንጂ ከዚያ አልፎ አያውቅም። የሚያውቀው የታላቅ እህቱ ልጅ ነው። ልጁ ቡራዩ አሸዋ ሜዳ አንድ ክፍል ተከራይቶ ሥራ ይፈልጋል፤ እስኪያገኝ ድረስ ሙዚቃ ያጠናል። አንድ ቅዳሜ ለአጎቱ ፍላሽ ሰጠው። ጃዝ አለበት፣ ሮክ አለበት፣ በገና አለበት፣ ኮምፒውተር የሚጫወተውም አለበት። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ መዝለል የለም። አንዱን ሰምተህ ስትጨርስ ከአሥር ስንት እንደምትሰጠው ንገረኝ። እውነቱን ግን።»

አጎትየው የጋቢና ደንበኛ ነው፤ ሾፌሩም የሰፈሩ ልጅ ነው። ፍላሹ ተሰካ።

መጀመሪያ የመጣው የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ነበር። ጅማ ተወልዶ፣ ዌልስ፣ ለንደንና ቦስተን የተማረው ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ላይ ያስቀረጸው አልበም ነው። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በጸጥታ አዳመጠ። ጸጥታው የአድናቆት መስሎ ነበር። ወለቴ ሲደርሱ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ «መግቢያው አላለቀም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ያኔ ነው ሁሉም ዘፋኙን ሲጠብቅ እንደቆየ የታወቀው።

ጥያቄው የዋህ ይምሰል እንጂ ምክንያት አለው። እኛ ዘንድ ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ለብዙ ዘመን የሬዲዮ ፕሮግራም መሸጋገሪያ፣ የማስታወቂያ ማጀቢያ፣ የእንግዳ መጠበቂያ ሆኖ ኖሯል። ጆሮ የለመደው ከእሱ ቀጥሎ አንድ ሰው አፉን እንዲከፍት ነው። በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም (እ.ኤ.አ. 2005) ቢል መሪ የሚተውነው ሰውዬ የሙላቱን ሙዚቃ እየሰማ መኪና ይነዳል፤ ሲዲውን ለመንገድ ብሎ የሰጠው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ነው። ሰውዬው አንድም ቀን «ዘፋኙ የት ሄደ?» አላለም። ግን እሱ ብቻውን ነበር፤ መንገዱም ክፍት ነበር።

ልጁ ይህን ሲሰማ ተናዶ የናስንና የዴሚየን ማርሌን «ዲስታንት ሬላቲቭስ» (እ.ኤ.አ. 2010) ጨመረበት። የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» መሠረት አድርጎ የተሠራ ነው። ረዳቱ በሩን ይዞ እንደተንጠለጠለ ዜማውን ለየው። «ይኸው! ዘፋኙ መጣ!» አለ። ሙላቱ ብቻውን ሰባት፣ ከዘፋኝ ጋር ዘጠኝ ተመዘገበለት።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ልጁም አልጠበቀውም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ ብቻውን የቀረጸው ካሴት ነበር ተራው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የባንዱ «ቸ በለው» የእሱም የእጅ ሥራ ነው። አሜሪካ ከቀረ በኋላ ግን ኑሮ የታክሲ መሪ አስያዘው፤ ዋሽንግተን ከተማን በሚያገለግለው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ይጠብቅ ነበር። ያን የ1985 ካሴት ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ታክሲ ነጂውም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናው ውስጥ ይይዝ ነበር፤ ተራው እስኪደርስ ከኋላ ወንበር ቁጭ ብሎ ይለማመዳል።

አጎትየው ይህን ሁሉ ከልጁ እንደሰማ ለሾፌሩ አወራው። ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ወረፋ እየጠበቀ ነው የሚለማመደው?»

«አዎ።»

«እዚያ ተራ አስከባሪ የለም ማለት ነው።»

ሾፌሩ ሦስተኛው ሙዚቃ ሳይጀምር አሥር ሰጠ። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ መግቢያ ርዝመት አልጠየቀም፤ ዘፋኝ አለመኖሩንም ያነሳ የለም። አንድ ተሳፋሪ ለመውረድ «ወራጅ አለ!» ቢል እንኳ ሾፌሩ ዘፈኑ እስኪያልቅ ትንሽ አሳልፎ ነው ያወረደው። በዚህ የሚስቅ ሐያሲ ካለ የራሱን ጽሑፍ ያንብብ። ግማሹ ገጽ የሙዚቀኛው የሕይወት ታሪክ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሾፌሩ ቢያንስ ምክንያቱን አልደበቀም።

የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ፈረሰ። ማዳመጥ ቀረ፤ ሁሉም ዘፋኝ ሆነ። መርካቶ ተወልዶ በልጅነቱ ጫማ ይጠርግ የነበረው ማሕሙድ ይህን አልበም በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሠራው፤ ቤልጅጎች እ.ኤ.አ. በ1986 አሳትመው ለአውሮፓ ሰጡት፤ ብዙ ፈረንጅ የኢትዮጵያን ሙዚቃ የተዋወቀው በዚያ በር ነው። ልጁ ማታ ደውሎ «ከአሥር ስንት?» ሲል አጎትየው ተቆጣ። «ለአባቴ ከአሥር ስንት እሰጠዋለሁ?» አለ። ልጁ «ጋሼ፣ ይሄ መልስ አይሆንም» ቢል ስልኩ ተዘጋ።

ለነገሩ አልበም የሚባለው ነገር ራሱ ለጆሯችን ያን ያህል የቆየ ዘመድ አይደለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር በተሰጠበት ጊዜ፣ መብቱን ተጋፍቶ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። እስከ 1975 ድረስ ያወጣው መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላና 12 ያህል አልበም ነው። ትንሿ ሸክላ በአንድ ፊቷ አንድ፣ በሌላው ፊቷ አንድ ዘፈን ትይዛለች፤ ያንን ትውልድ ያሳደገችው እሷ ናት። አልበም ከነሙሉ አካሉ እቤት የገባው በካሴት ነው። ካሴት መዝለልን አያበረታታም፦ ወደፊት ማጠንጠን ባትሪ ይጨርሳል፣ ክር ያስበላል፣ የተበላውን በእስክሪብቶ እያሽከረከሩ መመለስ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ ሰው የማይወደውን ዘፈን አብሮ ሰማ፤ ከወራት በኋላ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው እሱን ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሜሞሪ ካርድ መጣ። ሞባይል ቤት ተገብቶ «የድሮም የአዲስም ቀላቅለህ ጫንልኝ» ይባል ጀመር፤ አልበሙም ተበተነ። ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና የሙያ ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 «አውታር»ን ሲጀምሩ ዘፈን በስልክ በሕጋዊ መንገድ እንዲገዛ አደረጉ። አጎትየው ይህ ሲነገረው መጀመሪያ የጠየቀው «በነጠላ ነው በሙሉ?» ብሎ ነው። በሜትር የሚሸጥና በጣቃ የሚሸጥ ጨርቅ አንድ ዋጋ እንደሌለው ያውቃላ!

«ሞዓ አንበሳ» ለጠዋት የሚሆን አልበም አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው። ጊታሮቹ ገና ሲነሱ ሾፌሩ ድምፁን ቀንሶ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣለ። «ምንድን ነው የሚንቋቋው?» ሙዚቃው መሆኑ ተነገረው። «ታዲያ ጋራዥ ይግባ» አለና ሊያጠፋው እጁን ሰነዘረ። ያን ጊዜ ከኋላ በኩል ኩታ የለበሱ አዛውንት «ተው! ሰውዬው እየፎከረ አይደለም እንዴ? ፉከራ ይቋረጣል?» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ጌታቸው ሽለላን ከአንደበት ወደ ሳክስፎን ያዛወረ ሰው ነው፤ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ሲወጣ ለጌጥ አልነበረም። የውጭ ጸሐፊዎች ከአሜሪካው ፍሪ ጃዝ ጋር ያስተያዩታል። የጋሻና የጦር ቀረርቶ እየሰሙ ያደጉት አዛውንት ግን ማስተያያ አላስፈለጋቸውም። አየር ጤና ሲወርዱ ለጋቢናው ሰውዬ «ጊታር የሚመቱት ልጆች ግን ማንን ፈርተው ነው እንዲያ የሚጣደፉት?» አሉት። በልጁ ደብተር ላይ አዛውንቱ ዘጠኝ፣ ሾፌሩ ሁለት፣ አጎትየው «ከሰዓት በኋላ ይደገም» ተብሎ ሰፈረ።

ሱሉልታ ያሉት የልጁ እናት ላሞች ያረባሉ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በጾም ወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ ላም ግን አትጾምም። ቀን ቀን ወተቱን እርጎና ቅቤ ለማድረግ ሲለፉ ውለው ማታ ትንሽ ይቀመጣሉ። አጎትና ልጅ በዚህ ሰዓት ፍላሹን ይዘው ደረሱ፤ ልጁም ዓለሙ አጋን ከፈተ። ዓለሙ ከሱሉልታ ወዲያ ከሚታየው እንጦጦ የተወለደ፣ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማረ ባለሙያ ነው፤ አልበሙ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው የፈረንሳዩ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 11ኛው ነው። አሥሩ የበገና አውታሮች መንዘር ሲጀምሩ እትዬ ተነስተው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ቤቱ ውስጥ ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም።

ሲያልቅ ልጁ ያን ጥያቄውን አመጣ።

«ለምኑ ነው ውጤት የምሰጠው?»

«ለአልበሙ።»

«ለጸሎት ውጤት ይሰጣል? አስተማርንህ ማለት ነው እንግዲህ!»

ልጁ በፍጥነት ወደ ተከታታዩ 21ኛ አልበም አለፈ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ ፒያኖ። እትዬ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት ሰሙና «እኚህ ሰው ለብቻቸው እያወሩ ነው፤ የሰው ወሬ ጆሮ ጥሎ መስማት ነውር ነው» አሉ። አጥፉት ግን አላሉም። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ በኋላ ግሸን ማርያም የመነኑ፣ ጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለወላጅ አልባ ልጆች የዋለ፣ በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ያረፉ መነኩሲት መሆናቸውን ልጁ ተረከ። «መነኩሲት ናቸው? ቀድመህ አትነግረኝም!» አሉና እንደገና ከመጀመሪያው አስከፈቱት። በዚያ ምሽት አጎትየው ምን እንደተሰማው አልተናገረም። ማታውን ለመመለስ መኪና የለም ብሎ እዚያው አደረ፤ መኪና ግን ነበር።

ሮክን መዳኘት የወደቀው በቡራዩዋ አከራይ ላይ ነው። ልጁ ክፍሉ ውስጥ በመጀመሪያ የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» (እ.ኤ.አ. 2001) አስደመጠ። አሰናጁ ቢል ላስዌል ነው፤ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ሳይቀሩ ተጫውተውበታል። አጎትየው እንደተለመደው በጨዋነት ጀመረ። «ልጅቷ ድንቅ ናት። ሌሎቹ ሰዎች ምን ፈልገው ነው?»

«ጋሼ፣ እነዚህ የዓለም ቁንጮ ጃዝ ተጫዋቾች ናቸው!»

«ታዲያ ዝም ብለው አይሰሟትም?»

ይህ አስተያየት ሲጻፍ ያስቃል እንጂ ብዙ ኢትዮጵያዊ አድማጭ በልቡ ያለው ነው። ድምፅ ንጉሥ ነው፤ መሣሪያ አጃቢ ነው፤ አጃቢ ከንጉሡ ፊት ሲቀድም ይከፋዋል። ከዚያ የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» ተከተለ፤ እሱም የቢል ላስዌል እጅ አለበት። ሮክ ነው፤ ከበሮውም ጊታሩም ምንም አይደብቅም። አጎትየው «ማይክ እያለ ለምን ይጮኻሉ?» ለማለት ጊዜ ሳያገኝ ግድግዳው ተንኳኳ። አከራይዋ ነበሩ። ቤቱ ሲከራይ «ለብቻህ ነህ?» ብለው ጠይቀውት ኖሮ «ይኸው አምስት ሰው አስገብተሃል!» አሉ። ልጁ ባንዱ ስንት አባላት እንዳሉት ለማስረዳት ጀምሮ ተወው። አጎትየው ለ«ኤርታሌ» አራት ሰጠ፤ ከአራቱ ሁለቱ ለአከራይዋ ማስደንገጫ ነው ተብሎ ተመዘገበ።

ከቡራዩ ሲመለስ ፍላሹ ከኪሱ አልወጣም። ሾፌሩ የራሱ ነበረው፦ የሃጫሉ ሁንዴሳ «ሰኚ ሞቲ»። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የበኩር አልበም ነው፤ ዘፋኙ አምቦ በእስር ባሳለፋቸው ዓመታት ከሠራቸው ዘፈኖች የተገኘ። የአጎትየው አፋን ኦሮሞ የገበያ ነው፤ ዋጋ ለመጠየቅና ለመከራከር ይበቃል፤ ለግጥም ያጥራል። አጠገቡ የተቀመጡት ግን ቃል በቃል ያውቁታል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አያወጡም። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ከተገደለ ወዲህ እነዚህ ዘፈኖች በዚህ መንገድ ላይ ወሬ ያስቆማሉ። ማታ ልጁ ሲደውል «ዛሬ ምንም አልሰማሁም» አለው።

የሮፍናን «ነጸብራቅ» (እ.ኤ.አ. 2018) እቤት፣ ሰበታ፣ ከልጆቹ ጋር ተሰማ። ልጆቹ ተነስተው ጨፈሩ፤ አባት ስለ ሠራተኛ ጉዳይ ጠየቀ። «ከበሮውን ማን ነው የሚመታው?» ኮምፒውተር። «ዋሽንቱንስ?» እሱም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። «እና ቀሪው ባንድ ምን በልቶ ያድራል?» ጥያቄው አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አንድ ኪቦርድ የነሐስ መሣሪያ ነፊውን መንጋ ከየባንዱ ሲያስወጣ ይኸው ተጠይቆ ነበር፤ የዛሬዎቹ አባቶች ያኔ የጨፈሩት ልጆች ናቸው። ስድስት ተኩል።

የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ተራ የደረሰው መንገዱ ከዓለም ገና እስከ ካራ ቆሬ በተዘጋጋበት ዕለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በሁለት ቀን ብቻ የተቀረጸ፣ አምስት ሙዚቃ የያዘ፣ በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ ከተሸጡት የጃዝ አልበሞች አንዱ ነው። ሚኒባሱ ቆሟል። ፊት ለፊት የቆመው ሲኖ ትራክ ጭሱን ይተፋል። ማይልስ ይነፋል። «ቀይረው» ያለ የለም፤ «ጨምረው» ያለም የለም። ረዳቱ ሂሳብ ሰበሰበ፤ የመልስ ጭቅጭቅ ተነስቶ በረደ፤ አንዲት ተማሪ መጽሐፏን ከፍታ ጥቂት ገጽ ገለበጠች። አልበሙ አልቆ መኪናው ውስጥ የሞተር ድምፅ ብቻ ሲቀር ማንም ልብ አላለም። አጎትየው ያወቀው ሾፌሩ «ባትሪው ደከመ እንዴ?» ሲል ነው።

ይህንን ለልጁ ሲነግረው ልጁ በደስታ ዘለለ። «አየህ ጋሼ! ይሄ ነው የማይልስ ምስጢር!»

«የምን ምስጢር? አልሰማነውም እኮ ነው የምልህ።»

«ከአሥር ስንት?»

አጎትየው አሰበ። በዚያ መንገድ መዘጋጋት ሰው ያልተጣላበት ሌላ ቀን ትዝ አላለውም። «ስምንት ጻፍ» አለ፤ ቆይቶ ደግሞ «ሰባት አድርገው፤ አንዱን ለተማሪዋ ስጣት» ብሎ አረመ።

ልጁ ደብተሩን ሲደምር ቅሬታ ገባው። ውጤቱ ሁሉ ከመንገዱ ሁኔታ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። መንገድ ሲለቅ የተሰማው ከፍ፣ ዝናብ ሲዘንብ የተሰማው ዝቅ፣ ከደመወዝ ማግስት የተሰማው ሁሉ ከሰባት በላይ። «ይሄ ፍርድ አይደለም፤ በገለልተኛ ሁኔታ መደገም አለበት» አለ። እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን እንዲደገም ሐሳብ አቀረበ። አጎትየው እሑድ ወደ አየር ጤና ምን ሊሠራ እንደሚሄድ ጠየቀ። ለሙዚቃ ብሎ ሳንቲም አውጥቶ ሄዶ መመለስን እንደ ጤና ጉድለት ነው ያየው።

ስለዚህ ልጁ ፍላሹን መልስልኝ አለ፤ አዳዲስ አልበሞች ሊጭንበት ነው። መመለሱ ግን አልተቻለም። ሾፌሩ «ታክሲ ነጂውን ሳታወጣ መልስ» ብሎ ነበር፤ ሌላው ተሳፋሪ ማሕሙድን ይፈልጋል፤ ኩታ ለባሹ አዛውንት ሁለት ጊዜ «ያ ፎካሪው የት ሄደ?» ብለዋል። ልጁ ሌላ ፍላሽ ገዛ። መጀመሪያ የጫነበት የሜታሊካን «ማስተር ኦፍ ፓፔትስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. 1986፣ ስምንት ዘፈን፣ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ገደማ። የፋሲካ ሰሞን ሱሉልታ ለእናቱ ሊያሰማቸው አስቧል። አጎትየው በዚያ ቀን ሥራ አለብኝ ብሏል።